ስጋጃው ይቅር፣ ብረቱን አምጣ

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 27

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? በስልክ «እምዬን ትንሽ አዳልጧት ነው» ያልኩህ እንዳትደነግጥ ብዬ ነበር። እውነቱን ልንገርህ።

የቡሄ ዕለት ለቡናው እርጥብ ቄጤማ ጎዘጎዝኩ። ድሮ ቤታችን በእበት የተለቀለቀ ሳለ ቄጤማ ማንንም ጥሎ አያውቅም። አንተ ባስነጠፍክልን ሴራሚክ ላይ ግን እንደ ሳሙና ሆነ። አያትህ በነጠላ ጫማዋ ከጓዳ ስትወጣ ተንሸራታ በጎኗ ወደቀች። ራጅ ተነሳች፤ አጥንቷ ተርፏል፣ ዳሌዋ ግን እስካሁን ጠቁሯል።

የመጣ ጠያቂ ሁሉ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይለኛል። እኔ አልቀበልም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 684 ሺህ ያህል ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይናገራል፤ ከሁሉ የሚበዙትም ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። የጣላት ወለሉና ጫማዋ ነው፤ እሱን ደግሞ ማስተካከል እንችላለን።

ከቁስሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፍርሃቷ ነው። ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ነው የምትሄደው፤ ኪዳን መሳም እንኳ ትታለች። ተቀምጦ የዋለ እግር ይዝላል፣ የዛለ እግር ደግሞ መልሶ ይጥላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ክንዷን ይዤ እስከ ጣና ዳር አደርሳታለሁ።

ቄጤማውን አሁን ከረከቦቱ ሥር ብቻ ነው የማደርገው፤ ያለ እሱማ ቡናው አይጥማትም። ዱካዎቹን ከመተላለፊያው አነሳሁ፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ገዛሁላት። መብራት ሲጠፋ እንዳትደናበር ባትሪ ከራስጌዋ አለ። የግፊት ኪኒኗን ከዋጠች ብድግ ስትል ያዞራታል፤ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ ብላ እንድትነሳ አስለምጃታለሁ፣ ለሐኪሟም ነግሬያለሁ።

የቀረኝ መጸዳጃ ቤቱ ነው። በዚህ ዝናብ ደጁ ጭቃ ነው፣ ውስጡም የሚያዝ ነገር የለውም። ለእንቁጣጣሽ አመጣለሁ ያልከው ስጋጃ ይቅር፤ ጠርዙ እግር ይጠልፋል። በዚያ ገንዘብ ግድግዳው ላይ የሚታሰር መያዣ ብረት አሠርተህ አምጣ። ፎጣ መስቀያ እንዳይሆን፤ ሰውነቷን ሙሉ ጥላበት የሚችላት ይሁን። ውፍረቱም በእሷ እጅ ልክ ነው የሚሆነው። ጨብጣ የሚመቻትን በክር ለክቼ ክሩን ከደብዳቤው ጋር ጠቅልዬልሃለሁ፤ ለበያጁ እሱን አሳየው።

እናትህ