ከሰርተፊኬቱ ፎቶ በፊት ሦስት ጥያቄ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አንድ ድርጅት የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ የሆነውን የአይኤስኦ 9001 ሰርተፊኬት ሲቀበል የምታወጡት ዜና ብዙውን ጊዜ «ዓለም አቀፍ ደረጃ አገኘ» ብሎ ያበቃል። ዘጋቢዎቻችሁ ሦስት ነገር ቢጠይቁ አንባቢ ይጠቀም ነበር።

ማን ሰጠው? አይኤስኦ (ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት) ደረጃ ያወጣል እንጂ ለማንም ሰርተፊኬት አይሰጥም። ሰጪዎቹ እንደ ኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ያሉ ተቋማት ናቸው። የሰጪው ተቋም አክሬዲቴሽን፣ ማለትም ለመመዘን ብቁ መሆኑ የተመሰከረለት ዕውቅና፣ መጠየቅ አለበት፤ ያለዚያ ወረቀቱን ማንም አትሞ ሊሸጠው ይችላል። ሰርተፊኬቱ የሚሸፍነው የሥራ ወሰንስ? «የዋና መሥሪያ ቤት አስተዳደር» የሚል ከሆነ ፋብሪካው አልተመዘነም ማለት ነው። መቼ ያበቃል? ዑደቱ ሦስት ዓመት ነው፤ በመሀሉ በየዓመቱ የክትትል ኦዲት አለ።

ትልቁ ችግር ግን ከሰርተፊኬቱ በኋላ ነው። ጉድለት ሲገኝ የሚሞላውን የእርምት እርምጃ ቅጽ ተመልከቱ። የዱቄት ከረጢት ክብደት ጎድሎ ተገኘ እንበል። «ምክንያት» በሚለው ቦታ «የሠራተኛ ጥንቃቄ ማነስ»፣ «እርምጃ» በሚለው «ምክር ተሰጠ» ተብሎ ይፈረማል፤ ፋይሉ ይዘጋል። የሚዛኑ የካሊብሬሽን (የልኬት ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ጊዜ አልፎ እንደሆነ የጠየቀ የለም። በደረጃው አንቀጽ 7.1.5 መሠረት መለኪያው የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ ከዚያ በፊት የተመዘነው ምርት ጭምር መጣራት አለበት። ይህ ስላልተደረገ በሚቀጥለው ወር ከረጢቱ ዳግም ይጎድላል፣ ያው ሠራተኛ ዳግም ይመከራል። ሠራተኛውን ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ስለሆነ ብቻ እንዲህ መሠራቱ ያሳዝናል።

ድርጅቱ ራሱን የሚፈትሽበት የውስጥ ኦዲትም የውጭ ኦዲተር ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው በጥድፊያ ይሠራል፤ የጥራት ክፍሉ የገዛ ራሱን ሥራ ይመረምራል። ደረጃው ግን ገለልተኛነትን ይጠይቃል፤ ቢያንስ የግዥ ባለሙያው ምርት ክፍሉን፣ የምርት ባለሙያው ግዥውን ይየው።

አማካሪ በእንግሊዝኛ ጽፎ የሚያስረክበው ወፍራም ማኑዋልም መደርደሪያ ላይ ይቀራል። የደረጃው የ2015 (እ.ኤ.አ.) እትም የጥራት ማኑዋል የግድ ይኑር አይልም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ ራሱ ተሳትፎበት በሚያነበው ቋንቋ የተጻፈ፣ ማሽኑ አጠገብ የተለጠፈ ግማሽ ገጽ ይበልጣል። የበላይ ኃላፊዎች የጥራት ሥራውን የሚገመግሙበት የሥራ አመራር ግምገማም ስብሰባ ስለተደረገ ብቻ አይበቃም፤ ሚዛን ይገዛ ከተባለ በጀቱና ኃላፊው በቃለ ጉባኤው መስፈር አለባቸው።

ስለዚህ ዜናው ሲወጣ ሰጪውን፣ ወሰኑንና የሚያበቃበትን ቀን ጨምራችሁ ጻፉ። በዓመቱም ተመልሳችሁ የክትትል ኦዲቱ ምን ጉድለት እንዳገኘ፣ ጉድለቱም እንዴት እንደታረመ ጠይቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጥራት ሥራ አመራር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ