ርዕሰ መምህሩ ገንዘብ አይያዝ፣ ግን ይምራ፦ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ርዕሰ መምህራን በትምህርት ቤት ገቢ ማሰባሰብ ሥራ ስለሚኖራቸው ድርሻ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህራን ኅብረት አባል ሆኜ የማገለግል ወላጅ ነኝ። የመጣሁት መዋጮ ይቅር ለማለት አይደለም። መንግሥት በተማሪ ቁጥር የሚልከው ድጎማ ጠመኔና ወረቀት ቢገዛ እንጂ ጣራ እንደማያለብስ እናውቃለን። ኢንስፔክሽን መጥቶ ትምህርት ቤታችሁ ከደረጃ በታች ነው ብሎን ሲሄድ፣ ጉድለቱን ከራሳችን ኪስ ካልሞላን ማንም እንደማይሞላልን ገብቶናል። ጥያቄዬ ይህ ገንዘብ ሲሰበሰብ ርዕሰ መምህሩ ምን ቦታ ይኑረው የሚለው ነው።

በእኛ አካባቢ አሠራሩ ይህን ይመስላል። የሚዋጣው ብር ልክ ከላይ ተቆርጦ ይወርዳል፤ ወረዳ ለቀበሌ፣ ቀበሌ ለጎጥ ያከፋፍለዋል። ርዕሰ መምህሩ ወሬውን የሚሰማው ከእኛ እኩል ነው፤ አንዳንዴም ከእኛ በኋላ። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ሳይጠየቅ፣ መስከረም ሲጠባ ምዝገባ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ደረሰኝ ያስቆርጡታል።

መስከረም ደግሞ የገበሬ እጅ የሚያጥርበት ወር ነው። ጤፉ ገና ማሳ ላይ ነው፣ የማዳበሪያው ዕዳ አልተከፈለም፣ የልጆች ደብተርና ልብስ አለ። ይህን ጎጃም ውስጥ የማያውቅ ባለሥልጣን ያለ አይመስለኝም። ወሩ የተመረጠው ወላጅ ልጁን ለማስመዝገብ የግድ ስለሚመጣና ስለማያመልጥ ብቻ ነው። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በነፃ ይሰጣል ይል ነበር። መዋጮው በወረቀት ላይ «በፈቃደኝነት» ነው፤ ያልከፈለ አባት ግን «ነገ ተመለስ» ሲባል በዓይኔ አይቻለሁ። «ነገ ተመለስ» የሚለው ሰው ርዕሰ መምህሩ ነው። ያንን ቃል ከአፉ የሰማ አባት ለሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ሚስቱን ይልካል፣ ወይ ጭራሽ ይቀራል።

የጎጃም ገበሬ መስጠት አይጠላም። ደብሩን የሚያሠራው፣ ማኅበሩንና ሰንበቴውን የሚያወጣው፣ እድሩን የሚያቆመው እሱ ነው። የሚጠላው ሳያማክረው የሚመጣ ግብር ገማች ነው። በ1960 የወጣውን የእርሻ ገቢ ግብር በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት በኩል ሕዝቡ እንዴት እንደተቃወመው፣ ንጉሠ ነገሥቱም በመጨረሻ ውዝፉን እስከ መማርና ጠቅላይ ገዥውን እስከ መቀየር እንደደረሱ ከእኔ ይልቅ እናንተ በሰነድ ታውቁታላችሁ። ለትምህርት ቤት የሚወርድ ኮታም አወራረዱ ያንን ሲመስል አባቶቻችን የሰጡትን መልስ ይቀሰቅሳል፤ ርዕሰ መምህሩም ሳይወድ የገማቹን ወንበር ይወርሳል።

ስለዚህ ብዙዎቹ መሸሻ ይፈልጋሉ። አንድ የማከብረው ርዕሰ መምህር «ገንዘብ ያለበት ስብሰባ ላይ አትጥሩኝ፣ እኔ ማስተማሩን ልምራ» ይለናል። አልፈርድበትም። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛ የለውም፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ቢጎድል በገበያ ቀን ስሙ ይነሣል። የሥራ አፈጻጸሙ ሲሞላ ደግሞ «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚል ነጥብ አለበትና የሆነ አሐዝ መጻፍ አለበት። ድንጋይ ያጋዝንበት አንድ ቅዳሜ በሪፖርት ወደ ብር ተለውጦ ሲነበብ ሰምተን እርስ በርስ ተያይተናል፤ ያን ያህል ሀብታም መሆናችንን አናውቅም ነበር።

እንግዲህ የምጠይቀው ሁለቱን ነገር እንድትለዩልን ነው፦ መጠየቅና ገንዘብ መያዝ። ርዕሰ መምህሩ ብር አይንካ። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ በጋራ ፊርማ ይውጣ፣ በሞዴል 64 የገንዘብ ደረሰኝ ይቆረጥ። ቆርቆሮ፣ አጠና፣ ሲሚንቶ ያመጣም በሞዴል 19፣ በዕቃ መቀበያው ደረሰኝ፣ ይቀበሉት። በነገራችን ላይ ይኼኛው ብዙ ቦታ ይዘለላል፤ ሦስት አጠና ያመጣ ገበሬ ወረቀት አይሰጠውም፣ በሚቀጥለው ዓመትም አያመጣም። ሒሳቡን ለመያዝ ለየትምህርት ቤቱ ሠራተኛ መቅጠር ካልተቻለ ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በሚሰባሰቡበት በጉድኝት ማዕከሉ አንድ ሰው ይመደብ።

መጠየቁ ግን የርዕሰ መምህሩ ሥራ ይሁን፤ ከእሱ የተሻለ የሚያውቀው የለምና። የ5ኛ ክፍል ልጆች ስንቱ መሬት ላይ እንደሚቀመጡ፣ የትኛው ክፍል ሲዘንብ እንደሚያፈስ፣ ሴቶች ልጆች በመጸዳጃ ቤት ምክንያት በየትኛው ክፍል ትምህርት እንደሚያቋርጡ የሚያውቀው እሱ ነው። «ለትምህርት ልማት» ብሎ የሚለምን የቀበሌ ሰው የሚያገኘውና «ለ5ኛ ክፍል 20 ዴስክ ጎድሎኛል፣ አንዱ ዴስክ ይህን ያህል ያወጣል» የሚል ርዕሰ መምህር የሚያገኘው አንድ አይደለም። ይህን ለመናገርም አዳራሽ አያስፈልገውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አለቃውን አስፈቅዶ ሩብ ሰዓት መናገር፣ የእድር ዳኞችን ማነጋገር ይበቃዋል። ወቅቱ ጥርና የካቲት ይሁን፤ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ። ብር የሌለው በቁና ይስጥ፣ በቁና መስጠት የማይችል በጉልበቱ ይምጣ። በምዝገባ ሰሞን ግን ስለ ገንዘብ አንድ ቃል እንዳይነሣ ቢሮው በደብዳቤ ይከልክል።

ከትምህርት ቤታችን ወጥተው ዛሬ አዲስ አበባ የሚነግዱ፣ ባሕር ማዶ የተሻገሩ ልጆችም አሉ። እነዚህ በቴሌግራም ተሰባስበው ሊረዱ ሲነሡ ከእኛ የሚፈልጉት የሚያምኑት አንድ ሰው ነው፤ የግንባታውን ፎቶና የደረሰኙን ግልባጭ የሚልክላቸው፣ ሲጠይቁት የሚመልስ። ያ ሰው ርዕሰ መምህሩ ካልሆነ ማን ይሆናል? በ2015 የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ንቅናቄ ሲጀምር ሐሳቡ ይኸው ነበር፣ ሕዝቡ ትምህርት ቤቱን በገንዘቡ፣ በቁሱና በጉልበቱ እንዲያሻሽል። ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ኮታ ሆኖ ነው የደረሰው።

የዝውውሩን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለብዙ ትምህርት ቤቶች ደኅናው የውስጥ ገቢ ግቢው ውስጥ ያለው ባሕር ዛፍና ሣሩ ነው፤ አዊ በኩል ደግሞ ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ተክለው በአራት በአምስት ዓመት ለከሰል የሚያደርሱ ብዙ ናቸው። ዛፍ ዓመታት ይፈልጋል፣ ርዕሰ መምህር ግን በሁለት ዓመት ይነሣል። የተከለው ሌላ፣ በጨረታ የሸጠው ሌላ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚጠየቀው ሦስተኛ ሰው ይሆናል። የሚዛወረው ርዕሰ መምህር ለወላጆች ጉባኤ ሒሳቡን አሳይቶ፣ የዛፉንና የንብረቱን ዝርዝር ለተተኪው በፊርማ ሳያስረክብ መሸኛ እንዳይሰጠው እንለምናለን።

ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ተጎድተዋል። በዚህ ጊዜ ሰው ሰብስቦ ገንዘብ የሚያነሣ ርዕሰ መምህር ከየአቅጣጫው በጥርጣሬ ይታያል። እሱን ልትጠብቁት የምትችሉት አንድ መንገድ አለ፤ ከትምህርት ቤቱ ሥራ በቀር ምንም ዓይነት ሌላ መዋጮ በእሱ እጅ አይሰብሰብ፣ በተማሪዎች ስም ዝርዝር ላይም አይመዝገብ። ይህ ካልተደረገ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ ዋጋ የለውም።

የአፈጻጸም መመዘኛውንም ብትቀይሩት ደስ ይለናል። «ስንት ብር አሰባሰበ» ከሚለው ይልቅ «በየመንፈቀ ዓመቱ ገቢና ወጪውን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፈ ወይ፣ ያቀደው ክፍል ተሠራ ወይ» ተብሎ ይጠየቅ። ሥልጠናም ስጡት፤ ርዕሰ መምህራን በክረምት ስለ ትምህርት አመራር ሲሠለጥኑ ሒሳብ ማንበብና ሰው አሳምኖ መጠየቅ ሁለት ቀን ቢጨመርላቸው ብዙ ወጪ አይደለም።

መመሪያው ከታኅሣሥ በፊት ቢደርሰን የዘንድሮው እህል ሳይሸጥ እንቀድማለን። ከዚያ ካለፈ ሌላ ዓመት ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የወላጅ መምህራን ኅብረት አባል፣ ምሥራቅ ጎጃም

ግልባጭ፦
ለዞኑ ትምህርት መምሪያ
ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት