የአውቶሞቲቭ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ካምቢዮው ሳይወርድ

ዘንድሮ የክበቡ ሥራ በሙሉ በአንዲት መኪና ዙሪያ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች፣ ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 የቤንዚን ሞተር፣ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳ የቶዮታ ፒክአፕ ናት። ካምቢዮዋ ኤ340ኢ የሚባለው ባለ አራት ማርሽ ኦቶማቲክ ነው። በአገራችን አሮጌ ፒክአፕ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ማርሽ ስለሆነ፣ ከአሥራ አራቱ አባላት መካከል ኦቶማቲክ ካምቢዮ ነክቶ የሚያውቅ አልነበረም። ስትመጣ ሕመሟ አራት ነበር። ከቆመችበት ስትነሳ ጉልበት የላትም፤ ከኤን (ነጻ) ወደ ዲ (ወደፊት መንጃ) ሲገባ ትዘገያለች፤ ዳገት ላይ የሞተሩ ዙር ይወጣል እንጂ ፍጥነቷ አይጨምርም፤ ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የመጀመሪያው ስብሰባ «ካምቢዮው ይውረድ» በሚል ድምፅ ተበተነ። ሰኔ ላይም ካምቢዮው እንደተሰቀለ ነው።

ሥራው ከዘይት ጀመረ። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ፍሪሲዮኖቹን ጨምቆ የሚይዘው ግፊትም እሱው ነው። ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፣ አየር ደግሞ ይጨመቃል፣ ፍሪሲዮኑም ይንሸራተታል። የአለካኩ ሥርዓት ከሞተር ዘይት የተለየ ነው። መኪናዋ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነድታ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል፤ ሜዳ ላይ ትቆማለች፤ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ፍሬን እንደተረገጠ፣ ማርሹ ከፒ (ማቆሚያ) እስከ ኤል (ዝቅተኛ ማርሽ) በየቦታው ትንሽ እየቆየ ሄዶ ወደ ፒ ይመለሳል፤ ከዚያ መለኪያ ዘንጉ ተጠርጎ ይነበባል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ሞተር ለክተው በትኩስ ዘይት ምልክት ስላነበቡት ብዙ የጎደለ መሰላቸው። በትክክል ሲለካ ጉድለቱ ግማሽ ሊትር ገደማ ሆነ። እንደ መጀመሪያው ንባብ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉት ነበር፤ አረፋ ደግሞ የጎደለ ዘይት የሚያመጣውን ሕመም ሁሉ ያመጣል። ቀለሙ ቡናማ ነበር እንጂ ጥቁር አልነበረም፤ የቃጠሎ ሽታም አልነበረውም። ሮዝ ቀለም ያለው፣ እርጎ የመሰለ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለ ቱቦ ስለሆነ፣ ቱቦው ሲቀደድ ውሃ ወደ ካምቢዮው ይገባና የፍሪሲዮኖቹን ሽፋን የያዘውን ማጣበቂያ ይፈታዋል። ያኔ ራዲያተር መለወጥ ብቻውን አያድንም።

ሁለተኛው ሥራ መብራቱን ማንበብ ነበር። እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ስካነር አይፈልግም፤ አንድ ቁራጭ ሽቦ ይበቃዋል። ኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ፤ ቁልፉ ወደ ኦን ይዞራል፤ ሞተሩ አይነሳም። የኦቨርድራይቭ (የአራተኛው ማርሽ) ቁልፍ ግን በርቶ መሆን አለበት፤ ከጠፋ መብራቱ ዝም ብሎ ይበራል እንጂ አይቆጥርም። ተማሪዎቹ አንድ ሙሉ ረቡዕ ያጠፉት በዚህች ቁልፍ ነው። ጥፋት ከሌለ መብራቱ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ሳያቋርጥ ብልጭ ይላል። ጥፋት ካለ ቁጥር ይናገራል፦ 42 የፍጥነት መለኪያው ሴንሰር፣ 61 ካምቢዮው ላይ ያለው የፍጥነት ሴንሰር፣ 62 ቁጥር አንድ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ የዘይት ቫልቭ)፣ 63 ቁጥር ሁለት ሶሌኖይድ፣ 64 የቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው) መቆለፊያ ሶሌኖይድ። የእኛዋ ስድስት ጊዜ ብልጭ አለች፣ አንድ ሰከንድ ተኩል አረፈች፣ ሁለት ጊዜ ጨመረች። 62።

እዚህ ላይ ብዙ ጋራዥ «ሶሌኖይድ ቀይሩ» ብሎ ይሸኛል። ኮዱ የሚናገረው ግን ስለ ኤሌክትሪክ መስመሩ ነው፤ ሽቦው ይሁን ሶሌኖይዱ አይለይም፤ ውስጥ የተጣበቀ ቫልቭ ቢኖርም አያየውም። ደህና ሶሌኖይድ ከቦዲው ጋር ሲለካ ከ11 እስከ 15 ኦም ያሳያል። ሶሌኖይዶቹን በሚያዘው ኮምፒውተር በኩል ስንለካ መልቲሜትሩ የተቋረጠ መስመር አሳየ፤ ካምቢዮው ጎን ባለው ሶኬት ላይ ግን 13 ኦም። እንግዲያው የተበጠሰው በመሐል ነው። ጭስ ማውጫው አጠገብ የሙቀት ግለት ያደረቀው ሽቦ ውስጥ ለውስጥ ተሰብሮ ተገኘ። ተበየደ፣ በሙቀት በሚሰበሰብ ላስቲክ ተሸፈነ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ ታሰረ። ኮዱን ለማጥፋት ባለ 15 አምፔሩ የኢኤፍአይ (የነዳጅ መርጫው) ፊውዝ ከአሥር ሰከንድ በላይ ይነቀላል።

የጉልበት ማጣቱ ምክንያት የተገለጠውም በዚሁ ነው፤ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ይኼ ነበር። ሁለቱ ሶሌኖይዶች አራቱን ማርሾች የሚከፋፍሉት በአራት ቅንብር ነው። ቁጥር አንዱ ብቻ ሲበራ አንደኛ፣ ሁለቱም ሲበሩ ሁለተኛ፣ ቁጥር ሁለቱ ብቻ ሲበራ ሦስተኛ፣ ሁለቱም ሲጠፉ ኦቨርድራይቭ። ቁጥር አንዱ ከሞተ አንደኛም ሁለተኛም ማርሽ አይገኝም። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያውቅ ቁጥር ሁለቱን አብርቶ በሦስተኛ ያስነሳታል። መኪናዋ ደካማ አልነበረችም፤ በሦስተኛ ማርሽ ተነሺ ተብላ ነበር። ሞተሩን ደክሟል ብሎ ካንዴላ ያስቀየረ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል ብሎ ካምቢዮ ያስፈታ፣ ሁለቱም የዚህ ስሕተት ሰለባ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩን ከሜካኒኩ የሚለየውን ፈተና አደረግን። የሶሌኖይዶቹ ሶኬት ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ትነዳለች። በዲ ኦቨርድራይቭ፣ በ2 ሦስተኛ፣ በኤል አንደኛ፣ በአር ኋላ ማርሽ መገኘት አለበት። ሁሉም ተገኙ። የካምቢዮው ጥርሶችና ቫልቮች በመሠረቱ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው፤ «ይውረድ» የሚለው ድምፅም ያን ቀን ጸጥ አለ። ሶኬቱ ሲመለስ ኮድ ተመዝግቦ ስለሚቆይ ፊውዙን ድጋሚ መንቀል ያስፈልጋል።

ዳገት ላይ መንሸራተቱ ግን ሽቦው ከተጠገነም በኋላ ቀጠለ። በዚህ ካምቢዮ ማርሽ የሚለወጥበትን ጊዜ የሚወስነው ኮምፒውተሩ ቢሆንም፣ የዘይቱን ግፊት ልክ የሚነግረው ከሞተሩ ነዳጅ መስጫ እስከ ካምቢዮው የተዘረጋ ተራ ኬብል ነው። መርገጫው እስከ ታች ተረግጦ፣ የአየር መዝጊያው ሙሉ በሙሉ መከፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ፣ በኬብሉ ላስቲክ ጫፍና በኬብሉ ላይ ባለችው ማቆሚያ መካከል ያለው ክፍተት ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የእኛው ስድስት ነበር። የላላ ኬብል ማለት ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ሲሰጥ ፍሪሲዮኑ በግማሽ ግፊት ይያዝ ማለት ነው፤ እንዲህ እየተነዳ ከቆየ ጤነኛው ፍሪሲዮን በእርግጥ ይቃጠላል። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ማርሹ እየመታ ይገባል። ሁለት ዳዶ አላልቶ ማስተካከል የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። መንሸራተቱ በዚያው ቀረ።

የስቶል ፈተናውን ያደረግነው መምህር ባለበት ብቻ ነው። አራቱም ጎማ ይታገዳል፣ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ የእግር ፍሬን በግራ እግር እስከ ጥግ ይረገጣል፣ ከፊትም ከኋላም ሰው አይቆምም። ከዚያ በዲ ነዳጅ ሙሉ ተሰጥቶ የሞተሩ ከፍተኛ ዙር ይነበባል፤ ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም፤ ምክንያቱም የሞተሩ ጉልበት ሁሉ ኮንቨርተሩ ውስጥ ሙቀት ይሆናል። በአርም ይደገማል። ከመመሪያው ቁጥር የሚበልጥ ዙር የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ወይም ዝቅተኛ ግፊት ያሳያል። የእኛዋ በዲም በአርም እኩል 250 ዙር ገደማ አነሰች። መመሪያው እንዲህ ሲሆን የሞተር ድካምን ወይም ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለውን የስታተር (የዘይቱን ፍሰት የሚመልሰው ክፍል) ባለ አንድ አቅጣጫ ክላች ይጠረጥራል፤ ከ600 በላይ ሲያንስ ኮንቨርተሩን ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጉልበቱን በቀጭኑ አየር ያጣል። የመጽሐፉን ቁጥር እዚህ እንዳለ መውሰድ ደህና ኮንቨርተር ያስጥላል።

ዘይቱ የተለወጠው ሁሉም ከታወቀ በኋላ ነው። ዴክስሮን 3 የሚባለው የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ተገዛ። ቡሎኑ ተፈትቶ የሚወርደው ከሁለት ሊትር በታች ነው፤ የቀረው ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ አወጣን፣ የወጣውን እየለካን ያንኑ ያህል መለስን። በመጀመሪያው የታችኛው ቋት ወርዶ ማጣሪያው ተለወጠ። ቋቱ ውስጥ ያሉት ማግኔቶች ላይ የተጣበቀው ደቃቅ ግራጫ ጭቃ የዕድሜ ነው። የብረት ስንጥር ቢሆን ኩሽኔታ ወይም ጥርስ፣ ማግኔት የማይስበው ቢጫ ብናኝ ቢሆን ቡሽ ማለቁን ይናገር ነበር። የቋቱ ቡሎኖች የሚጠብቁት በ7 ኒውተን ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ አንድ አባል በትልቅ ቁልፍ ሲያጠብቅ የቋቱ ጠርዝ ጎበጠና ዘይት አንጠባጠበ። ጠርዙ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተመትቶ ተቃና፣ ጓርኒሲዮኑም ሁለተኛ ተገዛ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ማርሽ ከገባበት ቅጽበት መኪናዋ እስክትያዝ ያለው ጊዜ በሰዓት ይለካል፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። ከኤን ወደ ዲ ከ1.2 ሰከንድ፣ ወደ አር ከ1.5 ሰከንድ ማነስ አለበት። በዲ 1.0 ደርሰናል፤ በአር ግን አሁንም 1.7 ነው። ኋላ ማርሽን የሚይዙት ቀጥተኛው ፍሪሲዮንና የአንደኛና የኋላ ማርሽ ብሬክ ናቸው። ብሬኩ በኤል ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ይዟል። ፍሪሲዮኑ በሦስተኛም ይሠራል፤ ሦስተኛ አይንሸራተትም። እንግዲህ የሚቀጥለው እርምጃ ካምቢዮው ላይ ባለችው የመፈተኛ ቀዳዳ በአር ግፊቱን መለካት ሲሆን፣ ለዚያ እስከ 3,000 ኪሎ ፓስካል የሚያነብ ጌጅ ያስፈልጋል። ክበቡ ያለው ጌጅ የጎማ ነው።