ስለዚያ ድሪቶ

ሚጣዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ቦስተን በረደ ወይ? ባለፈው በስልክ «እማ፣ ያንን ድሪቶ አሁንም አልጣልሽውም?» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ግን ሆድ ባሰኝ። ያ የአልጋ ልብስ እኮ አያትሽ በእጇ የሰፋችው ነው።

እዚህ አሜሪካማ ድሪቶ ሙዚየም ይገባል። ኩዊልት ይሉታል። ሃሪየት ፓወርስ የምትባል ሴት ነበረች፤ በ1837 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ነው የተወለደችው። ነፃ ከወጣች በኋላ ከእራፊ ጨርቅ ሰውና እንስሳ፣ ኮከብም እየቆረጠች ሌላ ጨርቅ ላይ ትሰፋ ነበር። አንዱ ሥራዋ ዋሽንግተን፣ ስሚዝሶኒያን የሚባለው ሙዚየም ነው ያለው። 11 ሥዕል አለው፤ አዳምና ሔዋን፣ የያዕቆብ ሕልም፣ ስቅለት። የቤተ ክርስቲያናችንን ግድግዳ አስታወሰኝ።

ከሁሉ ይሁዳ ያለበትን ወደድኩት። ሠላሳው ብር ከጨርቅ ክብ ክብ ሆኖ ተቆርጧል። እግሩ ሥር ደግሞ አንድ ትልቅ ክብ አለ። እኔ ብሆን ያም ብር ነው ብዬ አልፈው ነበር። አይደለም። በ1886፣ ከ300 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ኮከብ ነው። እንዲህ ያለችው ራሷ ናት።

በዚያው ዓመት አቴንስ በተባለችው የጆርጂያ ከተማ የጥጥ ባዛር ላይ ጄኒ ስሚዝ የምትባል የሥዕል መምህርት ድሪቶውን አይታ ሽጪልኝ አለቻት። ሃሪየት እምቢ አለች። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ኑሮ ሲከብድ ባሏ ሽጪው አላት። በንጹህ የዱቄት ጆንያ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በበሬ ጋሪ መጣች። 10 ዶላር ጠየቀች፤ 5 ተሰጣት። (እኔን እስካሁን ያናድደኛል።) ከመሄዷ በፊት ግን ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አስረዳች፤ ገዢዋም ጻፈችው። በኋላም ሃሪየት ጨርቋን ለማየት ተመላልሳ መጥታለች።

ስለ ኩዊልት መቼም ብዙ ይወራል። ከባርነት ለሚያመልጡት አጥር ላይ የተሰጣው መንገድ ይጠቁም ነበር ይላሉ። የታሪክ ሰዎች ግን ማስረጃ አላገኙለትም።

የአያትሽ ድሪቶ ላይ አረንጓዴው የአባቴ ሸሚዝ ነው። ባለ አበባው የኔ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ቀሚስ። መሃል ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ እራፊ አለች። ሌላ ቀይ የለበትም፣ እሷ ብቻ ናት። ስንት ዓመት ለብሼው ተኛሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

የሃሪየት ሌላው ሥራ እዚያው ቦስተን፣ የሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ውስጥ ነው። ለእይታ ወጥቶ እንደሆነ ደውለሽ ጠይቂ። ከ15ቱ ሥዕሎች በአንዱ አሳማ አለች፤ ቤትስ ትባላለች። ከጆርጂያ ቨርጂኒያ ድረስ 500 ማይል የሮጠች ናት ተብሏል። ፈልጊልኝ።

ለገና ስትመጪ ደብተር ይዘሽ ነይ። ከቀይዋ በቀር ሁሉንም እነግርሻለሁ።

እናትሽ