ስለ ማካሮቭዎ ለጠየቁኝ ጥያቄ

ባሕር ዳር

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከዘጌ በጀልባ የላኩልኝ ቡናና ደብዳቤ በደህና ደርሶኛል። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአክስቴ ልጅ ማካሮቭ ሽጉጥዎን «የሙዚየም ዕቃ» ብሎ ማጣጣሉ ከንክኖዎታል፤ እርሱ ያመጣው አዲስ ሽጉጥ ደግሞ መብራቱና ቀይ ጨረሩ ዓይን የሚስብ ሆኖብዎታል። «መሣሪያ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ለምን ተራውን ሽጉጥ ይመርጣሉ? አንቺ ማሽን ተምረሻልና ንገሪኝ» ስላሉኝ የማውቀውን ያህል እጽፍልዎታለሁ።

የእርስዎን ሽጉጥ ጠባይ የተማርኩት ከትምህርት ቤት በፊት ከእርስዎ ነው። በበረንዳው ምንጣፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው፣ ካርታውን፣ ማለትም የጥይት መያዣውን፣ አውጥተው፣ ጥይት የሚጎርስበት ማጉረሻው ባዶ መሆኑን እኔም በዓይኔ እንዳየው ካደረጉ በኋላ የምላጩን ከለላ ወደ ታች ሳብ ያደርጉና የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበው፣ ጀርባውን ከፍ አድርገው ያወጡት ነበር። መፍቻ አይፈልጉም፣ መዶሻም አይፈልጉም። ጨርቁ ላይ የሚቀመጠው የታችኛው አካል፣ ተንሸራታቹ ብረት፣ ሞላውና ካርታው ብቻ ነበር፤ እኔም በተራ ደርድሬ እጠብቅ ነበር። ያን ጊዜ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬ ተማሪዎቼን ስለ ማሽን ሳስተምር ግን አንድ ዕቃ በባለቤቱ እጅ ተፈትቶ በባለቤቱ እጅ መገጠሙ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደ ሆነ ይታየኛል።

ማካሮቭ በሶቪየት ኅብረት ሠራዊት ተቀባይነት ያገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ከሠራው መሐንዲስ ከኒኮላይ ማካሮቭ ነው። ካርታው 8 ጥይት ይይዛል፤ ባዶውን ሲመዘን 730 ግራም ገደማ ነው። ሲተኮስ በውስጡ የሚሆነው ነገር ጥቂት ነው። አፈሙዙ ከታችኛው አካል ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም፤ ተንሸራታቹ ብረት በራሱ ክብደትና በአፈሙዙ ዙሪያ በተጠመጠመው ሞላ ጉልበት ለቅጽበት ተይዞ ይቆይና ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ቀለሁን ይተፋል፣ ሲመለስም ከካርታው ሌላ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። በእጀታው ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ሞላ መቺውን ያስፈነጥራል፤ የዚያው ሞላ የታችኛው ጫፍ ደግሞ ካርታው እንዳይወድቅ ይዞ ያስቀምጣል። አንድ ሞላ ሁለት ሥራ ሲሠራ የሚጠፋ፣ የሚሰበር፣ የሚዝግ ቁራጭ ቁጥሩ ይቀንሳል። ተራውን ሽጉጥ የሚመርጡ ሰዎች ምርጫ ባመዛኙ ከዚህ የሚመነጭ ይመስለኛል፤ ሽጉጥ ዘመኑን በሙሉ በማኅደሩ ተኝቶ ከርሞ በአንዲት ክፉ ቀን ብቻ የሚፈለግ ዕቃ ነውና፣ ባለቤቱ በየቀኑ ሳይፈትነው ሊያምነው ይገባል፤ ለማመን ደግሞ በውስጡ ያለውን ሁሉ ማወቅ አለበት።

ባለፈው ፋሲካ የሆነውን ያስታውሳሉ። የአክስቴ ልጅ ያን የሚያብረቀርቅ ሽጉጡን ሊያጸዳ ቡናው ሥር ተቀምጦ ሲፈታ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ሞላ ተፈናጥራ ቅጠል ውስጥ ገባች፤ እኛም ወንፊት ይዘን እስኪመሽ አፈር ስንነፋ ዋልን። ቀዩ ጨረርም ባትሪው አልቆ ነበር። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ዕቃው ከእርሱ እጅ ይልቅ የጠጋኝ እጅ የሚፈልግ ስለሆነ ነው፤ ጠጋኙ ደግሞ እዚያ ባሕረ ገብ መሬት ላይ የለም። ከደንገል የተሠራችው ታንኳችን በጥቂት ወራት ውሃ ጠጥታ ትበሰብሳለች፤ ነገር ግን በሐይቁ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ሌላ ማሰር ስለሚችል ማንም በእርሷ ተስፋ ቆርጦ አያውቅም።

ቀላል ማለት አሮጌ ማለት ነው ብለው እንዳያስቡ ግን አደራ። የኦስትሪያው ጋስቶን ግሎክ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የአገሩ ጦር በ1982 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የመረጠው የእርሱን ሽጉጥ ነው። እጀታው ፕላስቲክ፣ ካርታው ባለ 17 ጥይት፣ የቁራጮቹ ብዛት ግን 34 ብቻ ነው። መልኩ ጡብ ይመስላል፤ ማንም ለጌጥ ብሎ አይገዛውም። ከእርሱ ብዙ ዓመታት በፊት ደግሞ አሜሪካኖች ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ኮልት ሽጉጥ በ1911 ሲፈትኑት በሁለት ቀን 6,000 ጥይት አስተኩሰውበት፣ ሲግል ውሃ ውስጥ እየነከሩ ቀጥለው፣ አንድም ጊዜ ጥይት ሳይነክስበት ጨረሰ። ያ ሽጉጥ እስከ 1985 ድረስ የጦራቸው መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ የኖረው ውበቱ ታይቶ አይመስለኝም።

ይሁንና ስለ ወደድነው ብቻ እንከኑን መደበቅ አይገባም። ከማካሮቭ በፊት የነበረው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ ከእርሱም ይልቅ የተራቆተ ነው፤ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ በእጅ የሚዘጋ መጠበቂያ እንኳ የለውም፣ ያለው መቺውን በግማሽ መንገድ የሚይዝ ጥርስ ብቻ ነው። ጥይት አጉርሶ በወገቡ ለሚሻጥ ሰው እንዲህ ያለው ቅለት አደጋ ነው። የማካሮቭ መጠበቂያ ወደ ላይ ሲነሳ ግን መቺውን ራሱ በሰላም ያወርደዋል፤ እኔ በዚህ እመርጠዋለሁ። በሌላ በኩል፣ አፈሙዙ የማይንቀሳቀስ ሽጉጥ ሞላው ጠንካራ መሆን ስላለበት ለማቀባበል ጉልበት ይጠይቃል፤ መቺው ሳይነሳ የመጀመሪያውን ጥይት መተኮስም ከባድ የምላጭ ስበት አለው። ባለፈው ስመጣ ጣቶችዎ የቡና ስኒውን እንኳ በጥንቃቄ ሲይዙ አይቻለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ከየትኛውም ጌጥና መብራት በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልረሳው። ልጁ «የእኔም ዘጠኝ፣ የእርስዎም ዘጠኝ ነው፤ ጥይት እንዋዋሳለን» ማለቱን ጽፈውልኛል። ፈጽሞ እንዳይሞክሩት። የእርሱ 9 በ19 ሲሆን የእርስዎ 9 በ18 ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ በርዝመት ብቻ ሳይሆን በውፍረትም ነው፤ የማካሮቭ ጥይት እርሳሱ 9.27 ሚሊ ሜትር፣ የእርሱ 9.01 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ያንዱን በሌላው ማጉረስ አይቻልም።

ሽጉጦቹን ለመለዋወጥ ያቀረበልዎትንም ሐሳብ አልደግፍም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም፤ የእርስዎ ፈቃድ ደግሞ የዚያኑ ሽጉጥ ቁጥር የያዘ ወረቀት ነው። በእጅ መለዋወጥ ሁለታችሁንም ያለ ፈቃድ ያስቀራል።

ክረምቱ ስለወጣ አሁን የሚያስፈልገው ቀላል ሥራ ነው። የሐይቁ እርጥበት በቆዳ ማኅደር ውስጥ ይጠራቀማልና፣ ሽጉጡን በማኅደሩ ውስጥ አያክርሙት፤ ማኅደሩን ብቻውን ነፋስ ያስመቱት፣ ሽጉጡን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልለው በሳጥኑ ይቆልፉበት፣ ካርታውንም ለብቻ ያኑሩት። ዘይት አያብዙበት፤ የበዛ ዘይት የአውድማ ብናኝ ይሰበስባል። ቅዳሜ በጠዋቱ ጀልባ ቀጭን ዘይትና አዲስ ብሩሽ ይዤ እመጣለሁ። ነጩን ጨርቅ አሳጥበው ምንጣፉን በበረንዳው ላይ ያስነጥፉልኝ፤ የአክስቴንም ልጅ ይጥሩት፣ የራሱን ባዶ አድርጎ ይምጣ። ይህን ጊዜ እኔ እፈታለሁ፣ እርስዎ ይደረድራሉ።

ልጅዎ