ቅጹን ቤት ይውሰዱት
ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሜሪላንድ የምኖር የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። የካንሰር መድኃኒት ሙከራ ሲነሳ የኛ ሰው «መሞከሪያ ሊያደርጉኝ ነው?» ይላል። አልፈርድበትም። ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ዕውቅና የሰጣቸው የሕክምና ማዕከላት የታማሚውን መብትና ደኅንነት ከሚጠብቀው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሌላ የሳይንስ ኮሚቴም አላቸው። ሙከራው የሚመልሰው ጥያቄ ይረባል? የታማሚው ቁጥር መልስ ለማግኘት ይበቃል? ብሎ ይመዝናል። በቂ ሰው ያላገኘ ሙከራንም ሊዘጋ ይችላል። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ መልስ ለማይሰጥ ሙከራ ማን ደሙን ይሰጣል?

ቅሬታዬ ሌላ ነው። አንዲት እናት ሙከራው ውስጥ ለመግባት የሚፈርሙት የእንግሊዝኛ የስምምነት ቅጽ ሲሰጣቸው፣ ያንን ሁሉ ገጽ በስልክ ላስረዳቸው የተሰጠኝ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እማማ፣ እዚያው አይፈርሙ። ቤት ወስደው ልጆችዎን ያስነብቡ፤ መብትዎ ነው። ከገቡም በኋላ ማቋረጥ ይችላሉ።

አስተርጓሚዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ