ባሕር ዛፉስ ደግ ነው፣ ድስቱን ግን ከልጅ አርቁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የጥቅምት ብርድ ገብቷል፣ ጉንፋኑም ተከትሎት መጥቷል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል ነበር፤ ዘንድሮ አጥንቱ ለኪስ ስለማይሆን ሰፈሩ ሁሉ ቅጠል እያፈላ ይታጠናል።

እኔም እታጠናለሁ፣ አልክድም። የነጭ ባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል፣ ያ ሰፋ ያለው አመድማው፣ ፈልቶ ጋቢ ተከናንባችሁ ስትስቡት የተደፈነ አፍንጫ ቀለል ይላችኋል። ሽታውን የሚሰጠው በቅጠሉ ዘይት ውስጥ ያለው ሲኒዮል የሚባል ነገር ነው፤ ፋርማሲ ከምንገዛቸው የደረት ቅባቶችና የሳል ከረሜላዎች ብዙዎቹም ይኸው አለባቸው። ቀዩን ባሕር ዛፍ እናቴ «እሱ ለአጥር ነው» ትላለች፣ አልከራከራትም። ግን ማቅለል ሌላ፣ ማዳን ሌላ። ጉንፋኑ የሚሄደው በራሱ ጊዜ ነው። በኮሮና ጊዜ ቫይረሱን ይገድላል ተብሎ ስንቱ ዛፍ ተመለመለ! አልገደለም።

ብዕር ያስነሳኝ ግን የእህቴ ልጅ ነው። 4 ዓመቱ ነው። ሳል ያዘውና ሊያጥኑት ጋቢ አልብሰው ድስቱ ፊት አስቀመጡት። ልጅ አይደል፣ ጨለማውን ፈራ፣ ተወራጨ፣ ድስቱን በእግሩ መታው። የፈላው ውሃ ጭኑ ላይ። ጎረቤት ተሯሩጦ መጣ፣ አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ ቅቤ ቀባችው፣ ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ያንን ሁሉ ስትጠርግለት የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የሚያስፈልገው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነበር፤ ወዲያው፣ 20 ደቂቃ ያህል ማፍሰስ። ያን ቀን ደግሞ እንደ ዕድል ቧንቧው ውሃ ነበረው።

በብልቃጥ የሚሸጠው ዘይትማ የባሰ ነው። ሻይ ውስጥ ጠብ አድርገው የሚጠጡ አይቻለሁ። አይጠጣም! ትንሽ ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ ቢውጥ ሊያንዘፈዝፈው፣ ራሱን ሊያስተው ይችላል። ሕፃን አፍንጫ ሥርም አይቀባም፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። አስም ያለበትም ይጠንቀቅ፣ አንዳንዱን ይቀሰቅስበታል። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ ቅጠሉን ትቶ አክታ ማስመርመር ነው፤ ቲቢ ከሆነ በመታጠን አይወጣም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኅዳር 12 ሲደርስ የኅዳር ሲታጠን ነገር መነሣቱ አይቀርም፣ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታም እንዲሁ። ዘንድሮ ያንን ስታወጡ ከጎኑ ስለ ፈላ ውሃና ስለ ልጆች ሁለት መስመር ጨምሩበት። የጥርስ ሳሙናውንም እንዳትረሱት።

አንባቢያችሁ
ከአዘዞ፣ ጎንደር